አያቱ የጎደሉበት ቅጂ

የቆየ አስፈሪ ፊልም እንደገና በተሠራ ቁጥር «የትኛው ይበልጥ ያስፈራል?» ማለት የተለመደ ነው። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ማነው?

የሂዴዎ ናካታን የጃፓን ፊልም «ሪንጉ»ን (እ.ኤ.አ. 1998) እና ጎር ቨርቢንስኪ እዚሁ ሲያትል ላይ ያስቀመጠውን «ዘ ሪንግ» (2002) እንመልከት። ታሪኩ አንድ ነው፤ የተረገመውን ካሴት ያየ በ7 ቀን ይሞታል። የሚድነው ቀድቶ ለሌላ ሰው ካሳየ ብቻ ነው። የአሜሪካው ምስሉ የጠራ ነው፤ ናኦሚ ዋትስም ተዋጥቶላታል።

መጨረሻው ግን ይለያል። ጃፓናዊቷ እናት ልጇን ለማዳን ካሴቱን ይዛ ወደ ገዛ አባቷ ትነዳለች። በአሜሪካው፣ ልጁ የሚያሳዩት ሰው ምን እንደሚሆን ሲጠይቅ እናቱ ዝም ትላለች። ከፋዩ ስም የለሽ ባዳ ሆነ። በመሐንዲስ ቋንቋ፣ ሕንፃው ተቀድቶ ምሰሶው ቀርቷል።

የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ አገራቸውን ጥለው ሌክ ሲቲ የከተሙ አያቶችን ለምናውቅ፣ እንቅልፍ የሚነሳን የጃፓኑ ነው። አያት ለልጅ ልጃቸው እምቢ አይሉም። እኛስ ስንጠይቃቸው ምን እያስከፈልናቸው እንደሆነ አስበነዋል?