አልቡሚን ዕድሜ ይተነብያል? መቁረጫው ከየት መጣ?

ኮልፌ፣ ዘነበወርቅ ላይ ታክሲ ስትሳፈሩ የነዳጅ ጌጁን ልብ በሉ። አንዳንዱ መኪና ላይ ጌጁ ግማሽ እያሳየ ታንኩ ሊያልቅ ደርሷል። ሹፌሩ አይሸወድም፣ የመኪናውን አመል ያውቃል። ችግር የሚመጣው በዚያው ልማዱ ሌላ መኪና ሲነዳ ነው።

የምህንድስና ተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን የምግብ ቧንቧ ካንሰር (በደፈናው የጉሮሮ ካንሰር የምንለው) ጥናቶችን ሳነብ ትዝ የሚለኝ ይኼ ጌጅ ነው። ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፦ የታከሙ ሰዎችን መዝገብ ይሰበስባሉ፣ ከሕክምናው በፊት የተለካውን አልቡሚን ወይም ኮሌስትሮል ያወጣሉ፣ ከዚያ «ከዚህ ቁጥር በታች የሆኑት ቶሎ ሞቱ» ይላሉ። አንዱ ታዋቂ መለኪያ በ1984 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ኦኖዴራና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ነው። አልቡሚንን (ግራም በዴሲሊትር) በ10 ታባዛላችሁ፣ የሊምፎሳይትን ብዛት (በኪዩቢክ ሚሊሜትር) በ0.005 አባዝታችሁ ትደምራላችሁ። አልቡሚኑ 3.5፣ ሊምፎሳይቱ 1,500 የሆነ ሰው 42.5 ያገኛል። መጀመሪያ የታሰበው ለቀዶ ሕክምና ማስጠንቀቂያ ነበር፤ 40 እና ከዚያ በታች ከሆነ ቆርጦ መቀጠሉ ያሰጋል ለማለት። ዕድሜ መተንበያ የሆነው በኋላ ነው።

ርካሽነቱን እወድለታለሁ። ቅሬታዬ መቁረጫው ላይ ነው። ብዙ ጥናቶች ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ይሞክሩና የሞቱትንና የተረፉትን አብልጦ የሚለያየውን ከራሳቸው ዳታ ይመርጣሉ። ከዚያ በዚያው ዳታ «ሠራ!» ይላሉ። መልሱን አይቶ መፈተን ማለት እኮ ነው። ዳግላስ አልትማን የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1994 እ.ኤ.አ. ጉዳቱን አስልቶታል፦ ምንም ግንኙነት ሳይኖር «አለ» የማለት ስህተት 5 በመቶ መሆን ሲገባው 40 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ይህ ከተጻፈ 30 ዓመት አልፏል፣ ልማዱ ግን አለቀቀም።

እኛ አገር ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በሽታው ጎልቶ ከሚታይባቸው አካባቢዎች አርሲና ባሌ ይጠቀሳሉ። ታማሚው ሆስፒታል የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው፦ መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ ይላል፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ በመጨረሻ አጥሚቱም። በዚህ ሰዓት አልቡሚን ስትለኩ ምኑን ነው የለካችሁት? ካንሰሩን? ረሃቡን? ወይስ የሰውነቱን መቆጣት? ሰውነት ሲቆጣ ጉበት አልቡሚን ማምረቱን ቀንሶ ሲአርፒ የሚባለውን ፕሮቲን ያበዛልና። ሦስቱም አንድ ጌጅ ላይ ነው የሚነበቡት። ጃፓን ውስጥ ብዙ ታማሚ በኢንዶስኮፒ ገና በጊዜ ይገኛል፤ የዚያ አገር መቁረጫ ለዚህኛው ሰው ልክ ይሆናል ብላችሁ እንዴት ታምናላችሁ?

እንዲህ ያለ ጥናት ስታገኙ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ መቁረጫው ከዳታው በፊት ተወስኖ ነበር? ሌላ ሆስፒታል ባሉ ታማሚዎች ላይስ ተሞክሯል? አንድ የባሌ ገበሬ 39 ስላገኘ «ቀዶ ሕክምናው አይሆንህም» ከመባሉ በፊት ቁጥሩ በጥቁር አንበሳ ወይም በጳውሎስ መዝገቦች ላይ መፈተን አለበት። የተዘጋውን ቧንቧ በስቴንት ከፍቶ አጥሚቱ እንዲወርድለት ማድረግ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም።