«አዙሪት» ወይስ «አዟሪ»?

የአማተር ሬዲዮ ግንኙነቶችን የሚመዘግብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ አንቴናን ለሚያዞረው መሣሪያ የአቅጣጫ ቍጥር ይልካል። ይህን መሣሪያ «አዙሪት» ብሎ መተርጐም አሳሳች ነው፤ «የድህነት አዙሪት» ስንል ማለቂያ የሌለውን መዞር ማለታችን ነውና። መሣሪያው ግን ከታዘዘበት ዲግሪ ደርሶ ይቆማል፤ ያለ ገደብ ቢዞር ገመዱ በምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ ይበጠሳል። እንግዲህ «አንቴና አዟሪ» ቢባል ይመረጣል።

ልኩም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ከጂንካ ወደ አዲስ አበባ የሚያመለክተው ማዕዘን ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 34 ዲግሪ ገደማ ነው። ተርጓሚው «ሰሜን ምሥራቅ» ብሎ ቢያልፍ 45 ዲግሪ ማለቱ ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ቍጥር እንጂ ስም አይቀበልም። ስለዚህ «አዚሙዝ» «የአቅጣጫ ማዕዘን» ይባል፤ ቃሉ ራሱ በዐረብኛ «አቅጣጫዎች» ከሚለው የመጣ ነውና ትርጕሙ ከምንጩ አይርቅም።