ዲናሞ ያልሆነው ዲናሞ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ስያሜ በጋራዥ አማርኛ

በአዲስ አበባ ጋራዦች «ዲናሞው አይሞላም» የሚባልለት ዕቃ፣ ነገሩ በጥብቅ ከታየ፣ ዲናሞ አይደለም። ዲናሞ ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚያመነጭ የቀድሞ መሣሪያ ነው። ዛሬ ከሞተሩ ጎን በቺንጊያ የሚዞረው አልተርኔተር ግን ተለዋዋጭ ኮረንቲ አመንጭቶ በዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 ቫሊያንት ከተባለው መኪናው ጋር አልተርኔተርን ካስተዋወቀ ወዲህ ዲናሞ ቀስ በቀስ ከመኪና ወጥቷል፤ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞር በቂ ኃይል መስጠት አለመቻሉ ዋና ድክመቱ ነበር። ዕቃው ቢሄድም ስሙ አልሄደም።

ይህን እንደ ስህተት መቁጠር ቀላል ነው። ሆኖም መካኒኩ ስም የሚያወጣው ለአሠራሩ ሳይሆን ለተግባሩ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ዲናሞ ነው፤ በውስጡ የሚዞረው ሽቦ ይሁን መግነጢስ የስሙ ጉዳይ አይደለም። በዚህ ሚዛን ሲታይ ስያሜው ስድሳ ዓመት ያለፈው የቴክኒክ ለውጥ ሳያናጋው የዘለቀ፣ የተሳካ ስያሜ ነው።

የጋራዡ መዝገበ ቃላት አብዛኛው ክፍል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራ መንገዱ፣ የጭነት መኪናውና ጋራዡ አንድ ላይ ተስፋፉ፤ ቃላቱም አብረው ገቡ። ከዚያም በኋላ እንደ ሰይቸንቶ ያሉት የፊያት መኪኖች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሲመላለሱ ቃላቱ ሥር ሰደዱ። የሞተር ማስነሻው «ሞተሪኖ» የተባለውም ከዚሁ ምንጭ ነው። ጣልያንኛው «የማስነሻ ትንሽ ሞተር» የሚል ረዘም ያለ ስም ሲኖረው፣ አማርኛ «ትንሽ ሞተር» የሚለውን ብቻ ወስዶ ቀሪውን ተወው።

ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ግን ግሱ ነው። ስሞቹ ከውጭ ቢመጡም የሚሠሩትንና የሚሆኑትን የሚናገረው አማርኛ ነው። ሞተር ይነሳል፣ ይጠፋል። ባትሪ ይደክማል፣ ይሞታል፣ ይሞላል። ፊውዝ ይቃጠላል። ፍሬቻ ይበራል። «ቻርጅ» የሚለው ቃል እንኳ «ማድረግ»ን ሳያስከትል አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የጋራዥ አማርኛን የተበላሸ ጣልያንኛ አድርጎ ማየት ዓረፍተ ነገሩን ትቶ የዕቃዎቹን ዝርዝር ብቻ ማንበብ ነው።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ የአማርኛ አቻ ቃላት ለማበጀት ብዙ ደክሟል። የዚህ ዓይነቱ ጥረት ዋና መለኪያ የቃሉ አገር በቀልነት ሲሆን ግን አንድ ነገር ይዘለላል። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማም ነው፤ በአማርኛ ሻማ የራሱ ስም ስላለው ካንዴላ ከሞተር ውጭ ሌላ ቦታ የለውም። ፍሬቻም በምንጩ ቀስት ማለት ቢሆንም አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው የሚያስበው የመታጠፊያ መብራትን ብቻ ነው። ለቴክኒክ ቃል አንድ ስም ለአንድ ዕቃ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው፤ እነዚህ ባዕድ ቃላት ደግሞ ይህን ጸጋ በነጻ አግኝተዋል።

ችግሩ ያለው ሁሉም በሚያውቀው ቃል ላይ ነው። «ባትሪ» በአማርኛ የእጅ መብራትም ነው፤ በውስጡ የሚገባው ደረቅ ባትሪ ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። የስልኩም፣ የመኪናውም እንዲሁ ባትሪ ነው። የመኪናው ባትሪ መሠረት የሆነውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ሠራው። የዛሬው ባለ 12 ቮልት ባትሪ እያንዳንዳቸው ወደ 2.1 ቮልት የሚሰጡ 6 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው፤ ሲሞላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ አንዱ ሴል ከሞተ ወደ 10.5 ይወርዳል። «ባትሪው ሞተ» የሚለው አነጋገር ግን ኃይሉ ያለቀውን፣ ሴሉ የተበላሸውንና ዲናሞው ያልሞላውን አይለይም። ሦስቱ ብልሽቶች ሦስት የተለያዩ ሂሳቦች ናቸው፤ አንዱ በመሙላት ያልቃል፣ ሌላው አዲስ ባትሪ ያስገዛል፣ ሦስተኛው ደግሞ ባትሪው ምንም ሳይሆን ዲናሞ ያስፈታል።

ይህ አሻሚነት በቤንዚን መኪና ዘመን በመለኪያ መሣሪያና በልምድ ይሸፈን ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ካንዴላ የለም፤ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖና ዲናሞም የሉም። ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው፣ ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ የሆነና ብርቱካናማ ኬብሎች የሚወጡለት ነው። ሌላው መብራቱን፣ የበሩን ቁልፍና ኮምፒውተሮቹን የሚያሠራው የለመድነው ባለ 12 ቮልት ነው። ትንሹ ሲደክም ትልቁ ሙሉ እያለ መኪናው አይነሳም፤ ትልቁን ከሥርዓቱ ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎች የሚሠሩት በትንሹ ኃይል ነውና። ባለንብረቱ «ባትሪው ሞተ» ብሎ ሲደውል መካኒኩ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ ከፊቱ ያሉት ዕቃዎች ግን ሁለት፣ አንደኛው በእጅ የሚነካ፣ ሌላው ያለ መከላከያ ጓንት የማይቀረቡት ገዳይ ናቸው።

የዲናሞውን ሥራ በእነዚህ መኪኖች የሚሠራው ከትልቁ ባትሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ አውርዶ ትንሹን የሚሞላ መቀየሪያ ነው። ጋራዡ ይህንንም ዲናሞ ቢለው የቀደመ ልማዱን መከተሉ ነው፤ ጉዳትም አያመጣም። የሁለቱ ባትሪዎች ስም ግን ለልማድ ሊተው አይገባም። «ትልቁ» እና «ትንሹ» የሚለው መለያ የቮልቴጁን ልዩነት አይናገርም፤ «የመንጃ ባትሪ» እና «ባለ 12 ቮልት ባትሪ» ቢባሉ ተግባርንና መጠንን ለይተው ያሳያሉ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የማስተማሪያ ጽሑፎችም ሆኑ የአስመጪዎቹ የአማርኛ መመሪያዎች ለካንዴላ አቻ ከመፈለጋቸው በፊት ይህን ልዩነት ቢወስኑ፣ የቃላት ሥራው የሠራተኛን ሕይወት ከመጠበቅ ይጀምራል።