ድር ቢያብር፣ ማን ፈተለው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የማይል ባለሥልጣን አላየሁም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንደለመደብኝ ተረቱን ገልበጥ አድርጌ ሳየው ግን፣ እያንዳንዱ ክር የተፈተለው ለብቻው ነው።

ደርግ ገበሬውን በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አሰባሰበው። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ መውጣት ሲፈቀድ፣ አብዛኞቹ ማኅበራት ብዙም ሳይቆዩ ፈረሱ። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ሁሉም ለየራሱ» ማለት ይቀላል። ታዲያ ያው ገበሬ ወንፈሉንና ዕድሩን ለምን አላፈረሰም? ወንፈል የምትገባው ወደህ፣ ከመረጥከው ጎረቤት ጋር ነው፤ የዛሬው ጉልበትህም ነገ በማሳህ ላይ ይመለስልሃል።

ዕድርንም ቢሆን አወድሼ አላልፍም። ብዙው ዕድር መዋጮ ያቆመን ይሰርዛል፤ ድሃ ደግሞ የሚያቆመው ወዶ አይደለም። መንግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ መክፈል ለማይችለው ቤተሰብ መንግሥት እንዲከፍል ማድረጉ ደግ ሐሳብ ነው። አባልነቱ የቀበሌ ኮታ ማሟያ የሆነ ዕለት ግን ያው የደርግ ማኅበር መሆኑ ነው።

እናም አንበሳውን ለማሰር ከመነሳታችን በፊት፣ እስቲ ፈታዩን እንጠይቀው።