ለቃል የተሠራ ፊልም፤ «ፓራሳክቲ» እና አሠራሩ

የፊልም ዋነኛ መሣሪያ ምስል እንጂ ንግግር አይደለም የሚለው አስተያየት በሐያስያን ዘንድ የተለመደ ነው። ንግግር ሲበዛ ካሜራው ሥራ ይፈታል፤ የሚታየውም ፊልም መሆኑ ቀርቶ በፊልም የተቀዳ መድረክ ይሆናል ይባላል። ይህ መመዘኛ በጥቅሉ ትክክል ቢሆንም በሁሉም ሥራ ላይ በጅምላ ሊጫን እንደማይገባ ከሚያስገነዝቡን አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በማድራስ የተሠራው «ፓራሳክቲ» የተሰኘው የታሚልኛ ፊልም ነው። በአገራችን የሕንድ ፊልም ሲባል ቶሎ የሚታወሰን በሂንዲ የተሠራው በመሆኑ፣ ስለዚህ ሥራ አመጣጥ ጥቂት ማለት ተገቢ ይሆናል።

ፊልሙ የተወለደው ከመድረክ ነው። የባላሱንዳራምን ተውኔት ወደ ሲኒማ ለማምጣት ፕሮዲዩሰሩ ፔሩማል ከአቪኤም ስቱዲዮ ባለቤት ከሜይያፓን ጋር ተባበሩ። አዘጋጆቹ በጥምረት የሚሠሩት ክሪሽናንና ፓንጁ ሲሆኑ፣ የፊልሙን ድርሰት የጻፉት ያኔ ገና ወጣት የነበሩት ካሩናኒዲ ናቸው። ለመሪ ተዋናይነት የታጩት ጋኔሳን ደግሞ ከመድረክ በስተቀር በፊልም ታይተው አያውቁም ነበር። ሜይያፓን የተዋናዩን ቅጥነት አይተው በሌላ ሰው እንዲተኩ ፈለጉ፤ ፔሩማል ግን አሻፈረኝ አሉ። ቀረጻው ተራዘመ፤ በመካከሉም የተዋናዩ ሰውነት እየዳበረ ሄደ፤ ቀደም ብለው የተነሡ ትዕይንቶችም እንደገና ተነሡ።

ይህ ክርክር የሁለት ባለገንዘቦች እልህ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ስቱዲዮው ተዋናይን የመዘነው በመልክ ነው፤ ድርሰቱ ግን የጠየቀው ድምፅ ነበር። የካሩናኒዲ ዓረፍተ ነገር ረጅም፣ ቤት የሚመታ፣ ከዕለት ተዕለት አነጋገር ይልቅ ወደ ጽሑፍ ታሚልኛ የሚያደላ ነው። ይህን በአንድ ትንፋሽ፣ ትርጉሙን ሳያፋልስ ማድረስ የሚችለው በመድረክ ላይ የተገራ ተዋናይ ብቻ ነው። ስለዚህ የፔሩማል ውሳኔ የፊልሙን ቅርጽ የወሰነ ጥበባዊ ውሳኔ ሆነ።

የታሪኩ ትልም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተበተነ ቤተሰብን ይከተላል። ሦስቱ ወንድሞች በራንጉን ሲኖሩ እኅታቸው ካልያኒ በማዱራይ ትዳር ትይዛለች። ወዲያው ባሏና አባቷ ይሞቱባታል፤ ሕፃን ታቅፋ በየደጁ ትንከራተታለች። የቤተ መቅደሱ ካህን ሊደፍራት ሲሞክር አምልጣ፣ ተስፋ ቆርጣ ልጇን ወንዝ ትጥላለች፤ ለፍርድም ትቀርባለች። ወንድሟ ጉናሴካራን ካህኑን በማጥቃት ተከሶ በችሎት ፊት ሲቆም የሚያሰማው ረጅም ንግግር የፊልሙ ቁንጮ ነው። በዚያ ትዕይንት ካሜራው ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ተናጋሪውን ፊት ለፊት ያየዋል። ይህም ድክመት አይደለም፤ ተመልካቹ በችሎቱ ውስጥ እንደ ታዳሚ ይቀመጣልና። ተከሳሹ ከሳሽ ሲሆን፣ የሚከስሰውም አምልኮን ሳይሆን በአምልኮ ስም የሚፈጸመውን ግፍ መሆኑን ሲለይ፣ ምስሉ መንገድ መልቀቁ አስፈላጊ ነበር።

ቃሉ ዒላማውን አልሳተም። ፊልሙ በጥቅምት 1952 እ.ኤ.አ. በዲፓቫሊ በዓል ወቅት ሲወጣ፣ ይታገድ የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ሕዝቡ ግን ወደ ሲኒማ ቤት ጎረፈ። ምልልሱ በሸክላ ታትሞ ተሸጠ፤ በቃል የሚወጡትም በዙ። ካሩናኒዲ የድራቪዳ ሕዝቦች ንቅናቄ ሰው ነበሩ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የማድራስ ግዛት፣ በዚያው ዓመት ታሚል ናዱ የተባለው፣ ዋና ሚኒስትር ሆኑ። ደራሲነታቸው ለፖለቲካ ሕይወታቸው የነበረው ድርሻ ቀላል አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሂስ ማወደስ ብቻ አይደለም። ፊልሙ የሚከፈተው የድራቪዳን ምድር በሚያወድስ መዝሙር ነው፤ ይህ መዝሙር ከታሪኩ ያልተወለደ፣ በላዩ የተለጠፈ ነው። ዘመን ቶሎ ያደበዘዘውም እርሱን ነው። መጨረሻውም ይበልጥ ያጠያይቃል። በካልያኒ ላይ የሚፈርደው ዳኛ የገዛ ታላቅ ወንድሟ ሆኖ ይገኛል፤ የሞተ የመሰለው ሕፃን ተርፏል፤ ቤተሰቡም ተሰባስቦ ለችግረኞች መጠለያ ይከፍታል። ችሎቱ ያነሣው ጥያቄ ስለ ሥርዓት ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን ምጽዋት ሆነ። ካልያኒም የሁሉም ግፍ መውረጃ ሆና ሳለ፣ ስለ ግፏ አብዝቶ የሚናገርላት ወንድሟ ነው። ለተገፉት ድምፅ እሰጣለሁ ያለ ድርሰት ይህን አለማስተዋሉ ያስቆጫል።

ለዓላማ የሚጽፍ የኪነ ጥበብ ሰው ከዚህ የሚማረው ግልጽ ነው። መዝሙሩና የችሎቱ ንግግር የአንድ ንቅናቄ ድምፆች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ደበዘዘ፣ ሌላው ጸና። የጸናው ንግግር ከዓላማው ቀላልነት ጉልበት አላገኘም፤ ተመልካቹ አስቀድሞ የአንዲት እናት መከራ በዓይኑ ስላየ ነው ያመነው። መፈክር ሰውን ሊያሰልፍ ይችላል፤ በገጸ ባሕርይ ሕይወት ያልተፈተነ ቃል ግን ሰልፉ ሲበተን አብሮ ይበተናል።