ጦርነቱ የታለ?

በደብረ ታቦርም ሆነ በሌሎች ከተሞች ቪዲዮ ቤት የለመደ ተመልካች በተከታታይ ፊልም ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሊደነቅ ይገባል፤ ዳኝነቱ በትዝታ ላይ የቆመ ነውና። «ሬዚደንት ኢቭል»ን እንውሰድ። በፈረንጆቹ 2002 የጀመረው የዞምቢ ፊልም ስድስተኛ ክፍሉ የወጣው በ2016 ማብቂያ ነው። አምስተኛው ያበቃው ዋይት ሀውስ በጭራቆች ተከቦ፣ ታላቅ ጦርነት ሊጀመር ሲል ነበር። ስድስተኛው ሲከፈት ግን ጦርነቱ አልፏል፤ የሚታየው ፍርስራሽ ብቻ ነው። «ጦርነቱ የታለ?» ያለ ተመልካች ነገር ፈላጊ አይደለም፤ የተገባለትን ቃል እየጠየቀ ነው። ደብረ ታቦር በምትገኝበት፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ በቃል የሚጠናባት የድጓ ምስክር ቤቷ ቤተልሔም ባለችበት ደቡብ ጎንደር፣ የፊተኛውን በቃል ይዞ የኋለኛውን መመዘን እንግዳ ነገር አይደለም።

«ከዞምቢ ፊልም ምን ቁም ነገር ይጠበቃል?» የሚሉ አሉ። ድብድብ ብቻ ቢፈለግ ኖሮ የጨረሩን ኮሪደር ማን ያስታውሰው ነበር? በመጀመሪያው ክፍል ሰው የከታተፈው ያ ጠባብ መተላለፊያ በመጨረሻው ተመልሶ ይመጣል፤ ሚላ ጆቮቪች የምትጫወታት አሊስም ጣቶቿን ታጣበታለች። ጨረሩ ለአዲስ ተመልካች መብራት ብቻ ነው፤ ነባሩ ግን ገና ሳይበራ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። እርግጥ ነው፣ የስድስተኛው ክፍል ቅንብር ከመቆራረጡ የተነሳ ማን ማንን እንደመታ መለየት ያስቸግራል፤ ይህንም ቢሆን ቀድሞ የሚያነሳው ይኸው ነባር ተመልካች ነው።