ቀላል ሰንጢ፣ ከባድ ሥራ

በነሐሴ ወር መቐለ መንገድ ዳር በለስ የምትሸጥ ሴት እጅ ላይ ያለውን ቢላዋ ልብ ብሎ ያየ ሰው ስለ ስለት ብዙ ይማራል። የፍሬውን ሁለት ጫፍ ትቆርጣለች፣ ልጣጩን ከላይ እስከ ታች አንዴ ትሰነጥቀዋለች፣ ገልበጥ አድርጋ እሾህ ሳይነካት ለበላተኛው ታቀርባለች። ቢላዋው ትንሽና ስስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን አያርፍም። ከባድ ሥራ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ጉልበት ነው። ለስለት ግን ሳያቋርጡ መቁረጥም ከባድ ሥራ ነው፤ በዚህ ደግሞ ስሱ ወፍራሙን ያስከነዳዋል።

ስለዚህ ኪስ ውስጥ የማትከብድ ሰንጢን «ይቺ ምን ትሠራለች» ብሎ ከሚያጣጥል ሰው ጋር አልስማማም። ክብደት የጥንካሬ መለኪያ አይደለም። የፈረንሳዩ ባለ 8 ቁጥር ኦፒኔል ከእንጨት እጀታው ጋር 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ብረቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካው ባክ 110 ደግሞ 200 ግራም ገደማ ነው፤ ብረቱ የሚረዝመው ግን በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከትርፉ ክብደት ብዙው የእጀታው ናስ ነው። ናስ ገመድ አይቆርጥም። መጠየቅ ያለበት ሠሪው ክብደቱን ከየት ቀነሰው የሚለው ነው። ከእጀታው ከቀነሰ ሙያ ነው፤ ብረቱ ከሚታጠፍበት አንጓ ከቀነሰ የገዢው ጣት አደጋ ላይ ነው።

ከመቐለው ቀዳማይ ወያነ ገበያም ይግዙ ከሱቅ፣ አስቀድመው ስለቱን በአውራ ጣት አይዳስሱ። ስለት የትም ተስሎ ይስተካከላል፤ አንጓ ግን እንደተሠራ ይቀራል። ሰንጢውን ከፍተው እጀታውን አጥብቀው ይያዙ፤ በሌላው እጅ የብረቱን ጀርባ ወደ ጫፉ ቆንጥጠው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሞክሩት። ቢነቃነቅና አንጓው ብሎን ቢኖረው ሻጩ ያጥብቀውና እንደገና ይሞከር። ተጠብቆ ለመከፈት እምቢ ካለ፣ ሲላላም ከተወዛወዘ፣ አሠራሩ የተበላሸ ነውና ይመልሱት። በምስማር የተመታ ሆኖ ከአዲስነቱ የሚነቃነቅ ከሆነም አይከራከሩ፤ ይተዉት።

ቀጥሎ መቆለፊያው ነው። ጣትዎን ከስለቱ መንገድ አውጥተው የብረቱን ጀርባ በእንጨት ላይ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ የሚከፈት ቁልፍ እዚያው ይታወቃል። ይህን የምለው በከንቱ ለመጠራጠር አይደለም። ከአንጓው ምስማር እስከ መቆለፊያው ያለው ርቀት 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 80 ሚሊ ሜትር ርቆ ጫፉ ላይ ያረፈ 10 ኪሎ ጫና መቆለፊያው ዘንድ ሲደርስ 100 ኪሎ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ጥፍር የምታህል ብረት ናት። ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1955 የጨመረው የሚዞር ቀለበት ይህን ችግር በጥቂት ግራም የፈታ በመሆኑ በጣም አደንቀዋለሁ። መቆለፊያ የሌላቸውና በሞላ ብቻ የሚቆሙ ሰንጢዎች መጥፎ አይደሉም፤ ጎትቶ ለመቁረጥ ይሁኑ እንጂ በጫፋቸው ለመውጋት አይሁኑ።

አሁን ወደ ብረቱ። ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ 4 ሚሊ ሜትር ብረት 2 ሚሊ ሜትር ካለው ጋር የሚወዳደረው በዚህ ስሌት ነው። ስለዚህ በቀላል ሰንጢ ክዳን መፈንቀል፣ ሳጥን ማስለቀቅ፣ በመዶሻ እየመቱ እንጨት መፍለጥ አይገባም። ጨው እንኳ በአሳሌ ሜዳ ላይ ከመሬት የሚነሳው በመጥረቢያና በረጅም እንጨት እየተፈነቀለ ነው፤ ባለሙያው ለእያንዳንዱ ጉልበት የራሱን መሣሪያ ይዟል። ሰንጢ የሚፈለገው ለጨው ጭነቱ ገመድ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚያሰጋው ዝገት ነው። ብረት አይዝጌ ለመባል ቢያንስ 10.5 ከመቶ ክሮሚየም ያስፈልገዋል፤ እሱም ቢሆን ከጨው ጋር ካደረ ይነጥባል። የሲሚንቶ ከረጢት ለሚቀድ የግንባታ ሠራተኛ ችግሩ ሌላ ነው፤ ብናኙ ስለቱን ይበላል፣ አንጓው ውስጥም ገብቶ ይፈጫል። ለእሱ እጀታው ከጀርባ ክፍት የሆነና በውሃ የሚታጠብ ሰንጢ ይሻለዋል።

ለፋሲካ በግ ለማረድ ካራ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ገፈፋው ላይ ግን ትንሽ ሰንጢ ቦታ አላት። ጎበዝ ገፋፊ ቆዳውን በአብዛኛው የሚያላቅቀው በቡጢ እየገፋ ነው፤ ስለት የሚያስፈልገው እግሩና ሆዱ ላይ መንገድ ለመክፈት ነው። ለዚህ ጫፏ ሾል ያለ ሳይሆን ክብ ያለ ይመረጥ። በሹል ጫፍ የተወጋ ቆዳ ከቆዳ ፋብሪካ ሲደርስ ደረጃው ይወርዳል፤ ጠባሳው ከለፋ በኋላም አይጠፋም። ሥራው እንዳለቀ ሰንጢዋ ተከፍታ አንጓዋ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የደረቀ ደምና ሞራ መቆለፊያው ጥግ ድረስ እንዳይገባ ያግደዋል። በደንብ ከደረቀች በኋላ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃታል። የምግብ ዘይት ውሎ ሲያድር እንደ ሙጫ ይይዛል።